ማመልከቻ ልመና አይደለም

ማመልከቻ የሚባለው ቃል ባገራችን እጅግ የታወቀ ነው። የታወቀበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አቤቱታ ነው። ድንበሩ የተገፋበት፥ ውሃው የተጠለፈበት ወይም ልጁ ከሥራ የተሰናበተበት ሰው ወደ ወረዳው ከተማ ይመጣና ከማመልከቻ ጸሓፊው አጠገብ ተቀምጦ ችግሩን ይናገራል። ጸሓፊውም በማክበር ቃል ጀምሮ፥ በትሕትና ቃል ይጨርስለታል። ስለዚህ ማመልከቻ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚታየው፥ ከታች ያለ ሰው ከላይ ወዳለው ሰው እጁን ዘርግቶ ሲለምን ነው። ወላጆቻችን ይህንኑ ያውቃሉ፤ እኛም ተማሪዎቹ ሳናስበው ከእነርሱ ወርሰነዋል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ ሌላ ዓይነት ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው በሥነ ሕይወት ትምህርት ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚልከው ማመልከቻ ነው። «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዶክትሬት ትምህርት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ይህን የመሰለው ማመልከቻ ባለፉት ዓመታት በቤታችን ሲጻፍ፥ ሲላክና መልስ ሲጠበቅለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛ፥ ማመልከቻው የሚጻፈው ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ቢሆንም፥ የሚጻፍበት ነገር የሚሰበሰበው ግን ከዛሬ ጀምሮ መሆኑን ተረድቻለሁ። የክፍል ጓደኞቼም ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እኅቴ የቤታችን በኵር ናት። ከሐሙሲት ተነሥታ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ተማረችና ከተመረቀች በኋላ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። አባታችን በሜዳው ሩዝ፥ በዳገቱ ደግሞ ጤፍና ዳጉሳ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እናታችን በገበያ ቀን በርበሬና ሽንኩርት ይሸጣሉ። በ2016 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል እኅቴ ቤት መጥታ ሁላችንም እሳት ዳር ተሰብስበን ሳለ፥ «ትምህርቴን ልቀጥል አስቤአለሁ» አለች።

አባቴም፥ «ጨርሻለሁ ብለሽ ጥቍር ልብስ ለብሰሽ ፎቶግራፍ አልተነሣሽምን? ፎቶግራፉ ይኸው ግድግዳው ላይ ነው» አሏት። ሁላችንም ሣቅን። እርስዋ ግን ነገሩን በጥሞና አስረዳች።

«አባባ፥ እስካሁን የተማርሁት ሌሎች ሰዎች ደክመው ያገኙትን ዕውቀት ነው። አሁን መማር የምፈልገው ማንም ገና ያላወቀውን ነገር ፈልጎ ማግኘትን ነው። የመጀመሪያው ከጐተራ እህል እንደ መስፈር ያለ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ማረስ ነው።»

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ታዲያ አራሹን የሚቀልበው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ የሁሉም ወላጅ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ እኅቴ የሰጠችውን መልስ እዚህ ላይ መጻፉ ተገቢ ይመስለኛል። በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ሕይወት ለዶክትሬት የተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም መጠነኛ የወር አበል ይሰጡታል። እርሱም በፈንታው ታናናሽ ተማሪዎችን በላቦራቶሪ ያስተምራል፤ ወይም ፕሮፌሰሩ በሚመራው ምርምር ውስጥ ይሠራል። እዚያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት ይቻላል፤ ጊዜውም አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን አስቀድሞ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ የዶክትሬቱም ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ሰው ተወዳድሮ ይቀጠርበታል። ባገራችን ደግሞ የሁለተኛው ዲግሪ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም አመልካቹ አስቀድሞ የትምህርት ሚኒስቴርን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፥ «እንግዲያው ወንፈል ነው በዪኛ! አንቺ ለእነርሱ ትሠሪያለሽ፥ እነርሱም ላንቺ ይሠራሉ» አሉ። እኅቴም፥ «እንደዚያ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልጉት የሚያዝኑለትን ሰው ሳይሆን አብሮ የሚያርስ ሰው ነው» ብላ መለሰች። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ መሆኑን እኔ ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

ማመልከቻው ብዙ ክፍሎች አሉት። የትምህርት ውጤት ማስረጃ፥ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውጤት፥ የሥራና የትምህርት ታሪክ፥ የሦስት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፥ በመጨረሻም «የምማርበት ዓላማ» የሚባል የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ጽሑፍ ይጠየቃል። ቀድሞ ጂ.አር.ኢ. የሚባል ጠቅላላ ፈተና በአሜሪካ ለሁሉም ግዴታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከ2010 የፈረንጅ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ ግን ብዙ የሥነ ሕይወት ክፍሎች ትተውታል። ከእነዚህ ሁሉ በጣም ከባዱ የዓላማው ጽሑፍ ነው። ውጤት አስቀድሞ የተመዘገበ ነገር ነው፤ ፈተናም ሰው ተዘጋጅቶ ይቀመጥበታል። በዓላማው ጽሑፍ ግን ሰው ራሱን እንጂ ሌላ የሚያቀርበው ነገር የለውም።

እኅቴ መጀመሪያ የጻፈችውን ለአንድ የቀድሞ መምህርዋ አሳየችው። በዚያ ጽሑፍ ከልጅነትዋ ጀምሮ ሥነ ሕይወትን እንደምትወድ፥ ከድኻ ቤተ ሰብ እንደ ተወለደች፥ ዕድል ቢሰጣት ጠንክራ እንደምትማር፥ ዩኒቨርሲቲውም በዓለም የታወቀና የተከበረ መሆኑን ገልጣ ነበር። መምህሩ አንዲት ቃል ሳያርሙ በግርጌው፥ «ምን አይተሻል? ምን ትጠይቂያለሽ?» ብለው ጽፈው መለሱላት። እርስዋም ወረቀቱን ይዛ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብላ ዋለች። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ሺህ ሰው ሊጽፈው የሚችለው እውነት ነበር።

በማግሥቱ አባታችንን ስለ ጉማራ ወንዝ ትጠይቃቸው ጀመር።

አንባቢዎቼ ጉማራን ታውቁታላችሁ። ከጉና ተራራ ግርጌ ይነሣል፤ በዋንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ ያልፋል፤ ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስንሄድ በድልድይ የምንሻገረው እርሱ ነው፤ ከዚያም በፎገራ ሜዳ ዘልቆ ጣና ይገባል። ነገር ግን ስለዚህ ወንዝ የዓለም ሊቃውንት የሚያውቁትን ከእኛ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። በውስጡ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ላቤዮባርበስ የሚባሉ 15 ዓይነት ዓሦች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። አንዱ አፉ ወደ ላይ የተመለሰ ነው፤ ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ሌላው ዓሣ በላ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት፥ እነዚህ ሁሉ ከአንድ የጥንት ዘር ወጥተው በዚሁ ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ ናቸው። በፊሊፒንስ አገር ላናዎ በሚባል ሐይቅ ይህን የመሰለ የዓሣ ወገን ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ የጣናው እጅግ የተከበረ ነው።

ከእነዚህ ዓሦች ከፊሎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በጉማራና በርብ፥ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ፥ እንቍላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን ከነእንቍላላቸው ይዞ ይወጣል፤ ይህም ለቍጥራቸው መቀነስ አንደኛው ምክንያት መሆኑ በጥናት ተገልጧል።

አባቴ ላቤዮባርበስ የሚለውን ስም ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን እኅቴ ስትጠይቃቸው እንዲህ አሉ። «እኛ ልጆች ሳለን ነሐሴ ላይ ዓሣው በገባሩ ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ጀርባው ከውሃው በላይ ይታይ ነበር። የሚቆመውም ጠጠር ካለበት ነው። አሁን ያ ጠጠር በጭቃ ተሸፍኗል። ከላይ ዳገቱ ታረሰ፤ ከታች አሸዋው ለቤት ሥራ ይጫናል፤ በበጋም ውሃው በሞተር ይሳባል። ዓሣው መጥቶ ቦታውን ሲያጣው ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።»

እኅቴ እየሰማች ትጽፍ ነበር። «ወዴት እንደሚሄድ እንጃ» የሚለው የአባቴ ቃል የማመልከቻዋ ልብ ሆነ። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቍላሉ ይፈለፈላልን? ዓሣው የጥንቱን ቦታ ቢያጣ ሌላ ገባር ይፈልጋልን፥ ወይስ እንቍላሉን ሳይጥል ይመለሳል? ይህን ለማወቅ ምን መለካት ያስፈልጋል? እርስዋ ስለ ራስዋ የጻፈችው አራት መስመር ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ስለ ወንዙ ነበር።

ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብላቸው አባቴ መጀመሪያ ደነገጡ። «እኔ ያልሁትን ነው ለነጭ የምትጽፊለት? ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ አለ ብለሽ?» አሏት። እርስዋም፥ «ስድሳ ዓመት ወንዙን ያየ ገበሬ አለ ብዬ ነው የጻፍሁት» አለቻቸው። አባቴ ያን ማታ ብዙ አልተናገሩም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማመልከቻውን «የሷ ወረቀት» ማለት ትተው «ወረቀታችን» ይሉት ጀመር።

ይህ የእኅቴ ብቻ ብልኀት እንዳይመስላችሁ፥ ከእርስዋ በፊት ያለፉትን ታላላቅ ኢትዮጵያውያን እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ዶክትሬታቸውን ያገኙ ሰው ነበሩ። በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ዓድዋ በሄዱ ጊዜ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፥ «የገደለው እንዶዱ ይሆንን?» ብለው ጠየቁ። መረመሩትም፤ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ጥያቄውን የጠየቀ ግን አንድ ሰው ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በወሎንኮሚ ተወልደው በአለማያ ኮሌጅ በ1973 ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ጆን አክስቴል የሚባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የማሽላ ዘር ሊሰበስቡ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበርና ገቢሳ አብረዋቸው ሠሩ። ፕሮፌሰሩም ሥራቸውን አይተው ወደ ፐርዱ ጠሯቸው። በ1978 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በኋላም አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋም ዘር አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። እንግዲህ የገቢሳ የመጀመሪያ ማመልከቻ በማሽላ እርሻ ውስጥ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

ከእኛ ብዙ ሳንርቅ በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ተመረቁ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሞንታና፥ ሦስተኛውን በ1989 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዕፀዋት በሽታ ትምህርት አገኙ። በኮሎምቢያ አገር ስለ ከብት መኖ ሣርና በውስጡ ስለሚኖሩ ረቂቅ ፍጥረቶች መርምረዋል። በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴቶች ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው፤ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ለዐሥር ዓመት ያህል መርተዋል። ሴት ልጅ ከገጠር ተነሥታ የት ትደርሳለች የሚል ወላጅ ቢኖር ወደ ፍኖተ ሰላም ይመልከት።

የራሳችንን ደቡብ ጎንደርን እንውሰድ። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች አጥንተው በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቀረው ደን ለምን ዘሩን አይተካም ብለው ጠየቁ። ከብት ገብቶ ችግኙን መብላቱና መርገጡ አንዱ ምክንያት ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያም በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ ሕዝቡ የድንጋይ ካብ ካበ። እኛ በየሰንበቱ ከጥላው ሥር የምንቆምበት ዛፍ ለእርሳቸው የዶክትሬት ጥያቄ ሆነ።

ከእነዚህ ታሪኮች የምማረው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሩቅ አገር ሄደው ተምረዋል፤ ለሥራቸው የሚሆነውን ነገር ግን ካገራቸው ወንዝ፥ ካገራቸው እርሻና ካገራቸው ደጀ ሰላም አግኝተዋል። ፈረንጅ ላቦራቶሪም መጽሐፍም አለው፤ ነሐሴ ላይ ጉማራ ዳር የቆመ አባት ግን የለውም። ስለዚህ ከሐሙሲት የሚያመለክት ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።

ወደ እኅቴ ልመለስ። የድጋፍ ደብዳቤው ነገር ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ከጠየቀቻቸው መምህራን መካከል አንዱ፥ «በክፍሌ ጥሩ ውጤት አግኝተሻል፤ ከዚህ በቀር የምጽፈው የለኝም» አሏት። እውነታቸውን ነው። ሌላው ግን በመመረቂያ ጥናትዋ ጊዜ ባሕር ዳር ከዓሣ አጥማጆች ዘንድ ማለዳ እየሄደች ዓሣ ስትመዝንና ስትለካ አይተዋት ነበርና ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉላት። መምህር ስለ ተማሪው የሚመሰክረው ያየውን ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመምህራን ጋር ከፈተና ወረቀት ሌላ የምንገናኝበት ሥራ ይኑረን። የተከበራችሁ መምህራኖቻችንም፥ ወደ ወንዙና ወደ ሜዳው ስትወጡ እኛን ከኋላችሁ አስከትሉን፤ ማስታወሻ ደብተሩን እንይዝላችኋለን።

ገንዘብም ነበረ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ለመቀበል ብቻ ከ50 እስከ 100 ዶላር ድረስ ያስከፍላሉ፤ የእንግሊዝኛው ፈተናም የራሱ ክፍያ አለው። አባቴ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሊሸጡ ተነሡ። እኅቴ ግን፥ «በሬ ተሸጦ የሚገዛ ትምህርት አልፈልግም፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም» ብላ ከለከለቻቸው። ለፈተናው ከደመወዝዋ አጠራቅማ ከፈለች። ለየዩኒቨርሲቲዎቹም የማመልከቻውን ክፍያ እንዲያስቀሩላት ጻፈች፤ አራቱ ፈቀዱላት፥ ያልፈቀዱትን ተወቻቸው። ይህን የምጽፈው፥ እንዲህ ያለ ፈቃድ መኖሩን ባለማወቅ ብቻ ተስፋ የሚቈርጥ ሰው እንዳይኖር ነው።

ከሁሉ የባሰው መላኩ ሆነ። በዚያ ዓመት ባካባቢያችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም አንዳንድ ቀን ይዘጋ ነበር። ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሁለቱ የመጨረሻ ቀን ኅዳር 21 ቀን፥ የኅዳር ጽዮን ዕለት ነበር። እኅቴ ጽሑፎቹን ሁሉ በፍላሽ ቀድታ፥ እናቴ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፥ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱት አጎታችን ሰጧቸው። አጎታችን በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። አዲስ አበባ የሚማር የአክስታችን ልጅ ተቀብሏቸው ሁሉንም በዋዜማው ላከ። አጎታችን በደወሉ ጊዜ ያሉት፥ «ዕቃው ደርሷል» ብቻ ነበር። እናቴ እልል አሉ። እኔ በዚያ ቀን አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ማመልከቻ በአንድ ሰው ስም ይጻፋል እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይጽፈውም።

መልሱ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣ ጀመር። ሁለቱ በትሕትና «አልተቀበልንሽም» አሉ። ሦስተኛው ቦታ ስለሌለው ተጠባባቂ አደረጋትና በመጨረሻ ተወው። አራተኛው ተቀበላት፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ዲግሪ እንጂ ለዶክትሬት አልነበረም፥ አበልም አልነበረውም። የአንድ ዓመቱ ክፍያ አባታችን ዕድሜ ልካቸውን አርሰው የማያገኙት ገንዘብ ነበር። እኅቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችና መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ሌሊት እንዳልተኛች አውቃለሁ፤ እኔም አልተኛሁም።

በዚሁ መካከል ግን ያገራችንን የድኅረ ምረቃ ፈተና ተፈትና አልፋ ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከተች። ያንኑ የጉማራን ጥያቄ ይዛ ቀረበች፤ እነርሱም ተቀበሏት።

ጎረቤቶቻችን «ወይኔ ልጄን፥ አሜሪካ ቀረባት» እያሉ አዘኑላት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በእርግጥ ባገር ውስጥ መማር ችግር አለው፤ የላቦራቶሪ ዕቃና ኬሚካል እንደ ልብ አይገኝም፥ መብራትም ይጠፋል። ይህን መካድ ራስን ማታለል ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው በ1978 ነው። ስለዚህ አክሊሉና ገቢሳ በተማሩበት ዘመን ለከፍተኛ ምርምር የሚፈልግ ሰው ምርጫው ባሕር መሻገር ነበር፤ ዛሬ ግን ደጃችን ላይ በር አለ። ባገራችን ሊቃውንትና በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲፈጸም፥ ስምንት ቅጽ የሞላ ዕውቀት ይዞ ወጥቷል። ያ ሁሉ ቅጠል የተለቀመው ካገራችን ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ባገርዋ የሠራችና የራስዋን ጥናት ያሳተመች ሴት ደግሞ፥ ነገ ለዶክትሬት ስታመለክት ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ እንጃ አትልም፤ ይህን ያህል ለክቻለሁ፥ የቀረኝ ይህ ነው ትላለች።

አሁን እኅቴ በክረምት ቦት ጫማ አድርጋ በጉማራ ገባሮች ውስጥ ጠጠር ትሰፍራለች፤ ደለል ትመዝናለች፤ የዓሣ ጫጩት ትቈጥራለች። አባቴም የጥንቱ የመራቢያ ቦታ የት እንደ ነበረ በዱላቸው እያመለከቱ ያሳዩአታል። ዘንድሮ ካሳዩአት ስድስት ቦታዎች በሁለቱ ብቻ እንቍላል ተገኝቷል። በአራቱ ያልተገኘበትን ምክንያት ገና አላወቀችውም፤ ለማወቅም ሌላ ክረምት ያስፈልጋታል።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ዓሣ የሚወድ፥ ዕፀዋት የሚወድ፥ ስለ በሽታ ማወቅ የሚፈልግ እንዳለ አውቃለሁ። ከ2011 የፈረንጅ ዓመት ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ለምን በአንዱ ዳርቻ ሲበዛ በሌላው ያንሳል? የፎገራ ላም የጥንት ዘርዋ ሳይደባለቅ ምን ያህል ቀርቷል? በሐይቁ ዳር የሚዋኙ ልጆች ቢልሃርዚያ የሚይዛቸው በየትኛው ወር ይበዛል? እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። አባትና እናታችሁን፥ ዓሣ አጥማጁንና እረኛውን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ከነስማቸው መዝግቡ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ደብተር ከማናቸውም ውጤት የበለጠ ይናገርላችኋል።

ወላጆቻችንም ልጃችሁ «ላመለክት ነው» ባላችሁ ጊዜ፥ «ማንን ልትለምን ነው?» ከማለት ይልቅ፥ «ምን ልትጠይቅ ነው?» በሉት። መልስ ካለው፥ ወረቀቱ ሐሙሲትም ቢጻፍ የሚያነበው ሰው አያጣም።